የፈረመ ያወጣል

ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ በሌላ ሰው እንዳላላክክ ነው።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ጎንደር ውስጥ ብዙ ዓመት ያሳለፍኩት ጠዋት መጥተው መድኃኒት ወስደው የሚመለሱ ታካሚዎችን በማየት ነበር። ሕመሙ የጠናበት፣ ተኝቶ መታከም ያለበት ሰው ሲመጣ ግን አልጋ ስላልነበረን «አዲስ አበባ ውሰዱት» እንል ነበር። ከወገራ ደጋ ለመጣ ገበሬ አዲስ አበባ ውሰደው ማለት፣ ቤትህ መልሰህ እሰረው ማለት ነው። እሱም ይህን ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን፤ ተፋፍረን እንለያያለን።

ስለዚህ በከተማው ዳር ባለ አንድ የሕክምና ግቢ ውስጥ ዐሥር አልጋ ያለው ክፍል ሊከፈት ነው ሲባል፣ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። የተሰጠን ቤት ጣሊያን የሠራው የድንጋይ መጋዘን ነበር። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ከሰው ቁመት በላይ፣ በሩ አንድ ብቻ፣ እሱም ብረት። እቅዱን እንድናወጣ አምስት ሰዎች ተመረጥን። ከእኔ ሌላ ሁለቱን ብቻ ማወቅ ይበቃል፤ አንዱ የክፍሉ ኃላፊ የሚሆነው ሐኪም፣ ሌላው ቤቱን የሚያድሰው መሐንዲስ።

ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፤ ነገር በጽሑፍ ካልሰፈረለት ግን እንቅልፍ አይወስደውም። የበሩ ቁልፍ አንድ ብቻ ይሁን፣ እሱም ዘበኛው ዘንድ ይቀመጥ ያለው እሱ ነው። «ሁለት ከሆነ ማን ከፈተ፣ ማን ዘጋ አይታወቅም» አለ። ስልክ ይዞ መግባትም ተከለከለ፤ የቻርጀሩ ገመድ ለታካሚ አደጋ ነው ተባለ። ሁለቱንም እጄን አውጥቼ ደገፍኩ።

እኔ ደግሞ የራሴ ፍርሃት ነበረኝ። አንድ ጊዜ እናታቸውን አምጥተው አግዳሚ ወንበር ላይ ካስቀመጡ በኋላ፣ ውኃ ልንገዛላት ብለው እንደወጡ የቀሩ ልጆች አይቻለሁ። የሰጡን ስልክ ቁጥር የሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ በሩን እያየች ተቀመጠች። ክፍላችን ሰው የሚጣልበት እንዳይሆን ብዬ አንድ አንቀጽ አረቀቅሁ፦ ታካሚን የሚያስገባ ዘመድ ይፈርማል፤ ታካሚው የሚወጣውም ያስገባው ሰው ወይም ሌላ የቅርብ ዘመድ ቀርቦ ሲፈርም ብቻ ነው።

እስከዚያ ድረስ ስለ ሽንት ቤት ቧንቧ ብቻ ሲናገር የነበረው መሐንዲስ ቀና አለና «ሰውየው ከዳነ በኋላ ራሱ ቢፈርምስ?» ብሎ ጠየቀ።

ሳቅን። ከሁሉም ይልቅ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ትከሻውን መታ መታ አደረገና «አይዞህ፣ ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነው፤ ይመጣሉ» አለው። መሐንዲሱ ወደ ቧንቧው ተመለሰ። አንቀጹ ሳይነካ ጸደቀ፤ ለጽሑፌም ተመሰገንኩ።

ክፍሉ ተከፍቶ ጥቂት ወራት እንዳለፈ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ ቀበሌ አንዲት ሴት መጣች። ስድሳ ዓመት ግድም ይሆናታል። አንድ ልጅ ነበረቻት፤ ልጅቱ አግብታ ስትወልድ ሞተች። እናት ለቅሶው አልፎ ወራት ከቆየች በኋላ እንቅልፍ እምቢ አላት። አንድ ጠዋት ጎተራዋን ከፍታ፣ ገብሱን ለመንገደኛው ሁሉ በቁና ማደል ጀመረች። «የልጄ ሰርግ ነው፣ ውሰዱ» ትል ነበር አሉ። ጎረቤት ሊያስቆማት ቢሞክር በድንጋይ አባረረችው።

ያመጣት ታናሽ ወንድሟ ነው። በሁለት ሰው መካከል በጋቢ ጠፍሮ፣ በሚኒባስ ይዟት መጣ። እውነቱን ለመናገር ያለቅስ ነበር። መጻፍ ስለማይችል አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቼ ቅጹ ላይ አስጫንኩት። ዝምድና በሚለው ቦታ «ወንድም» ብዬ ሞላሁለት። ጣቱን በግድግዳው ላይ ጠርጎ ሄደ፤ ቀለሙ እስካሁን አለ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ዳነች። እንቅልፏ ተመለሰ፣ ልጇ መሞቷን አወቀች፤ አወቀችና እንደማንኛዋም እናት አለቀሰች። አልጋዋን ራሷ ታነጥፋለች፣ የሌላውንም ታነጥፋለች። ሐኪሙ መውጣት ትችላለች ብሎ ጻፈ። ወንድሟ ጋ ደወልን፤ ስልኩ ዝግ ነው። ያን ሰሞን ደግሞ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። መንገድ ሲከፈት ወደ አምባ ጊዮርጊስ ገበያ በሚወጣ እህል ነጋዴ መልእክት ላክን። ነጋዴው በሳምንቱ መልሱን ይዞልን መጣ። «ደህና ከሆነች እሰየው፣ እዚያው ትቆይ። እዚህ ብትመጣ ልጇን እያስታወሰች ትታመማለች» ብሏል አለን። ከዚያ አንገቱን አከክ አከክ አድርጎ፣ ወንድምየው የእህቱንም መሬት ደርቦ እያረሰ መሆኑን ጨመረልን።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሰው እንዳይጣል ብዬ የጻፍኩት አንቀጽ፣ ጣይውን ባለ ቁልፍ አድርጎታል።

እሷ ስለ መሬቱ አንድም ቃል አልተናገረችም። የምትጠይቀኝ ስለ ልጇ ሙት ዓመት ብቻ ነበር። ልጅቱ ያረፈችው በወሩ ሚካኤል ዕለት ነው፤ ዓመቱ ሊሞላ ተቃርቦ ነበር። በአገሩ ሙት ዓመት ሳይወጣለት የቀረ ሰው እንደ ውሻ ተቀበረ ይባላል። ልጅቱ ደግሞ ከእናቷ በቀር የሚደግስላት የለም፤ ባሏ ሌላ አግብቷል።

«ዛሬ መድኃኔ ዓለም አይደለም?» አለችኝ አንድ ቀን፣ መድኃኒቷን ስሰጣት። «ለሚካኤል ዐሥራ አምስት ቀን ቀረው። ጠላው መጠንሰስ አለበት። ቄሶቹም ይነገራቸዋል። ምነው ልጄ፣ ደህና ነሽ ካላችሁኝ ምነው አትለቁኝ?»

«ወንድምዎ ይምጡና እማማ» አልኳት።

«ባይመጣስ?»

ሐኪሙ ክፍሉን ሊጎበኝ ሲመጣ ለመንኩት፤ ደንቡን አወጣና እዚያው አነበበልኝ። የራሴን ዐረፍተ ነገር በሌላ ሰው አፍ ስሰማው ደሜ ፈላ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ እኔ ግን በሰፈርኩት ቁና የተሰፈረችው እሷ ናት።

በሥላሴ ዕለት፣ ሚካኤል አምስት ቀን ሲቀረው፣ ተረኛዋ ነርስ ታማ ስለቀረች እኔ ተተክቼ ገባሁ። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ ነበር። ዘበኛችን ጡረታ የወጣ፣ ቁጡ ግን ሐቀኛ ሰው ነው፤ እንደ ደንቡ ከኋላዬ ቆለፈ። ወዲያው ጎረቤቱ መሞቱን የሚነግረው ሰው መጣበት። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቁልፉን ለሌላ መስጠት ክልክል ነው። ስለዚህ ሐቀኛው ዘበኛችን ቁልፉን ኪሱ ከቶ ቀብር ሄደ።

ይህን የሰማሁት ኋላ ነው። በዚያን ሰዓት የማውቀው፣ ሥራዬን ጨርሼ በሩን ሳንኳኳ የሚከፍት እንደሌለ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አንኳኳሁ፣ ቆየሁ፣ እንደገና አንኳኳሁ። ከዚያ በመዳፌ መደብደብ ጀመርኩ። ከውጭ የሰው ኮቴ ሰማሁ።

«ክፈቱልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

«እሺ እሺ» አለ አንድ የማላውቀው የወንድ ድምፅ።

«ዘበኛውን ጥራልኝ! እኔ ነርስ ነኝ!»

«እሺ እህቴ፣ አውቃለሁ፣ ነርስ ነሽ።»

«ኧረ በእግዚአብሔር! እኔ ደህና ነኝ! አልታመምኩም!»

«መድኃኒትሽን ዋጥ አድርጊና ጋደም በይ፤ እግዚአብሔር ይማርሽ» አለኝና ኮቴው ራቀ።

በሰውየው አልፈርድም። እኔም በዚያ በር በኩል ሳልፍ ስንት ጊዜ «እኔ ደህና ነኝ» የሚል ድምፅ ሰምቼ በልቤ እግዚአብሔር ይማርህ ብያለሁ። መስኮቱ ከራሴ በላይ ነው፤ ከሰማይ የምትታየው የመሃረብ ታህል ናት። ይህን መስኮት ስንለካ እኔ ነበርኩ የሜትሩን ጫፍ የያዝኩት። ትንፋሽ አጠረኝና ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ዐሥሩም ታካሚዎች ያዩኝ ነበር። አንዳቸውም አልተገረሙም።

ሴትዮዋ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ዘርግታ ትከሻዬን አለበሰችኝ።

«እኔም በገባሁ ሰሞን እንዲሁ በሩን ስመታ ነበር» አለች። «ኋላ እጄን አመመኝና ተውኩት። ላንቺስ ማን መጥቶ ያስከፍትልሻል? ዘመድ የለሽም?»

የለኝም። እናትና አባቴ ሞተዋል፤ አንድ ወንድሜ አገር ጥሎ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ቆይቷል። ባልም ልጅም የለኝ፤ ቁስቋም ውስጥ በተከራየሁት አንድ ክፍል ብቻዬን እኖራለሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህን ነገር እንደ ነፃነት ነበር የምቆጥረው። ያን ዕለት ግን ብታመም፣ እዚህ ብገባ፣ ብድን፣ የሚፈርምልኝ ሰው እንደሌለ አሰብኩ። በራሴ ደንብ እዚህ አርጅቼ እሞታለሁ። ይህን አሰብኩና በታካሚዎቼ ፊት ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

«ምነው ልጄ፣ ምነው» አለች። ፊቴን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። «አንቺ ዘመድ የለሽ። እኔ ልጅ የለኝ። ታዲያ ምን ቸገረን? ጡቴን ጥቢ።»

የጡት ልጅነት የአገራችን የቆየ ወግ ነው። የሥጋ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች በምስክር ፊት ይቀመጣሉ፤ ወላጅ የሚሆነው አውራ ጣቱን ማር ይቀባል፣ ልጅ የሚሆነው ይጠባዋል። ከዚያ በኋላ ዘመድ ናቸው፤ አይካካዱም፣ ቢካካዱ በምድርም በሰማይም ነውር ነው። በድሮው ዘመን ደካማው ጠንካራውን ለመጠጋት ያደርገው ነበር። እኔ ከሰው አፍ ሰምቼው እንጂ ሲደረግ አይቼው አላውቅም። እሷ ግን የቤቷን ነገር እንደምትናገር ሆና ነው የተናገረችው። እንደ ቀልድ ፈገግ ለማለት ሞከርኩ፤ ፊቷን ሳየው ፈገግታዬ ጠፋ። ይህች ሴት ለዐሥር ቀን ያህል እኔ ያላሰብኩትን ስታስብ ከርማለች፤ «የቅርብ ዘመድ» የሚለውን ቃል ሐኪሙ ሲያነብልኝ ቆማ ሰምታዋለች።

ከአይከል መጥታ እህቷን የምታስታምም ሴት ነበረች፤ አልጋው ሥር ካለው ዘንቢል ማር አወጣች። ሁለተኛ ምስክር አስፈለገ። በሩ አጠገብ ካለው አልጋ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው መጡ። መምህር ነበሩ፤ እሳቸውም ከዳኑ ቆይተዋል። የመውጫ ወረቀታቸው ትራስ ሥር ከገባ ሁለት ወር አልፎታል፤ ልጆቻቸው ግን «በሚመጣው ሳምንት» ማለት አልሰለቻቸውም። ኮታቸውን ቆልፈው፣ እጃቸውን አጣምረው ከፊታችን ቆሙ።

ሴትዮዋ አውራ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነከረች። ጣቷ ሸካራ ነበር፣ ጥፍሯ በቁመቱ የተሰነጠቀ። ጎንበስ አልኩና ጠባሁት። ማርና የአልጋ ልብስ ሳሙና ቀመስኩ።

«ከእንግዲህ ልጄ ነሽ» አለች። «ብትከጂኝ ማሩ ይፍረድብሽ። ብከዳሽ የሞተችው ልጄ ትፍረድብኝ።»

«አሜን» አሉ መምህሩ። «እኔ ምስክር ነኝ።»

ዘበኛው ዐሥር ሰዓት ሲሆን መጥቶ ከፈተ። ዐፈር የነካ እጁን እየታጠበ «ውይ፣ ውስጥ ነበርሽ እንዴ?» አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የምናገረውን እኔ ነኝ የማውቅ። አልፌው ወጣሁና ግቢው መሐል ቆሜ እስኪበቃኝ ተነፈስኩ።

በማግሥቱ ቅጹን ሞላሁ። ዝምድና በሚለው ቦታ «ልጅ» ብዬ ጻፍኩ። ሐኪሙ ቅጹን አየ፣ እኔን አየ።

«የማን ልጅ?»

«የሷ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት።»

የጎንደር ልጅ ስለሆነ ነገሩ ገባው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «ምስክር አለሽ?» አለኝ። ሁለት አልኩት። ማኅተሙን መታና ወረቀቱን ሰጠኝ።

እስከ አምባ ጊዮርጊስ በሚኒባስ ሄደን ከዚያ በእግራችን ወጣን። ዳገቱ ላይ እኔ ሳለከልክ እሷ እየጠበቀችኝ «አይዞሽ፣ ደረስን» ትለኛለች። ወንድሟን ማሳዋ ውስጥ አገኘነው፤ በሬዎቹን አቁሞ እርፉን እንደያዘ ቀረ።

«መጣሽ?» አላት።

«መጣሁ።»

«እኔማ እዚያ ይሻላታል ብየ ነው» አለ፣ ለእሷ ሳይሆን ለእኔ። ዐይኑ ግን መሬት መሬት ያያል። እሷ አለፈችው፤ ቤቷን ከፍታ ጋኑን ማጠብ ጀመረች። አስቤው የመጣሁት ስድብ ሁሉ ሳልጠቀምበት ቀረ።

ለሚካኤል ተመልሼ ሄድኩ። ቅዳሴው አልቆ ዳሱ ውስጥ ስንቀመጥ ከጎኗ አስቀመጠችኝ። አንድ ቄስ ይህች ማን ናት ብለው ጠየቁ። «ልጄ ናት» አለች። እሳቸውም «ሸጋ፤ እግዚአብሔር ያሳድግሽ» ብለው ወደ ጸሎታቸው ተመለሱ። ሌላ የጠየቀኝ የለም። የሞተችው ልጅ ቦታ ላይ ተቀምጬ የሙት ዓመቷን ጠላ ጠጣሁ፤ ብዙ ዓመት ያልተሰማኝ የቤት ሙቀት ተሰማኝ፣ አፈርኩም።

ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ቢያልቅልኝ ደስ ባለኝ።

በወሩ የክፍሉ ሥራ ተገመገመ። ያን አንቀጽ እንድንሰርዘው፣ የዳነ ሰው ለራሱ እንዲፈርም ሐሳብ አቀረብኩ። መሐንዲሱ ሥራውን ጨርሶ ስለሄደ ስብሰባው ላይ የለም፤ ቢኖር ይስቅብኝ ነበር። ሐኪሙ መዝገቡን ገልጦ አየ። ዘመድ ጠፍቶ ችግር የሆነው ጉዳይ አንድ ነበር፣ እሱም የቅርብ ዘመድ ቀርባ በመፈረሟ ተፈትቷል አለ። የመምህሩ ልጆች በስልክ ስለሚመልሱ እንደጠፉ አይቆጠሩም። «እንዳልነው ነው፤ ዘመድ ከዘመዱ» አለና ፈገግ ብሎ አየኝ። ያሾፈ አልነበረም፤ የረዳኝ መስሎት ነው።

ዝምድናው የማስመሰል ነበር ብል እናቴን መካድ ነው፤ ማሩ ይፈርድብኛል። እውነተኛ ነው ብል ደግሞ ደንቡ እንከን አይወጣለትም። ውሸት ነበር እንዳልል ውሸት አልነበረም። አንቀጹ እንዳለ ይቀጥል ተባለ፤ ቃለ ጉባኤውን የያዝኩትም እኔ ነኝ።

ከስብሰባው ቀጥታ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። ዘበኛው ከፍቶ አስገባኝ፣ እንደ ደንቡ ከኋላዬ ቆለፈ።

መምህሩ ኮታቸውን ቆልፈው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የአይከሏ ሴት እህቷን ይዛ ስትወጣ የተረፈውን ማር በብርጭቆ ትታላቸው ሄዳለች። ሲያዩኝ ተነሡ። አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነከሩና፣ እንዳይንጠባጠብ ሌላውን መዳፋቸውን ከሥር ደግፈው ዘረጉልኝ።

«ሥርዓቱን አውቀዋለሁ» አሉ። «ምስክር አልነበርኩም?»

ከኋላቸው፣ እንደሳቸው ፈራሚ የሚጠብቁ ሁለት ታካሚዎች ተራ ይዘው ቆመዋል።